ዊልፍ ሆልሮይድ የፖለከው ወለል

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እጄ የለመደው ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ነው እንጂ ብዕር አይደለም። ፊደሉ ተጣሞ፣ ነገሩም ተደጋግሞ ብታገኙት "ይሄ ደግሞ ምን አገባው ከመጻፍ?" አትበሉኝ፤ እኔው ራሴን ብዬዋለሁ፣ ወረቀቱንም ሁለቴ ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ግን ስለ ዊልፍ ሆልሮይድ ሌላ ማን ይጽፋል? ሹም አይደለ፣ ጋዜጣ አያነሳው። ቤት ቀቢ ነው። እኔም ስኬልቢ ውስጥ ብዙ ዘመን ስለኖርኩ፣ ከሱና ከጓዶቹም ጋር ግድግዳ ስለፋቅሁ፣ ያየሁትን እንዳየሁት፣ ያላየሁትን እሱ ሻይ ላይ እንዳጫወተኝ ልሞክረው። የጎደለውን እናንተ ሙሉበት።

ዊልፍ ቀለም ቀቢ ነው፣ የቀለም ቀቢም ልጅ። አባቱ አርተር ገና ጢም ሳያወጣ መሰላል አሸክሞ ወሰደው፣ በዚያው ቀረ። ስኬልቢ የባሕር ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት። ጨው ያዘለው ነፋስ የበሩን ቀለም ሲልጥ፣ የመስኮቱን እንጨት ሲያበሰብስ ነው የሚከርመው። ስለዚህ እዚያ ቀለም ቀቢ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ዊልፍ ያልቀባው በር የለም ቢባልም ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ስሙ የተጠራው ግን በንጽሕናው ነው። ግድግዳውና ጣሪያው የሚገጥሙበትን ጠርዝ ሌላው ሰው ፕላስተር ለጥፎ ነው የሚቀባው። እሱ ትንፋሹን ዋጥ ያደርግና እንዲያው በብሩሹ ይስበዋል፤ መስመሩ በክር የተለካ ይመስላል። ከብሩሹ ጠብታ አይወድቅም። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ውሎ ሲወርድ ጫማው እሑድ ቤተ ጸሎት እንደሚሄድበት ጫማ ያበራል። ታዲያ በዚህ የተነሣ በጓዶቹ ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ሰደደ፤ በዊልፍ መሰላል ስር ሸራ አይነጠፍም። ወለሉ ቀለም እንዳይነካው በሁሉም ስር ሸራ ይነጠፋል፣ በሱ ስር ማንጠፍ ግን ስድብ ነው። አዲስ የቤት ባለቤት ደንግጣ "ምንጣፌስ?" ስትል፣ ባሪ ደረቱን ነፍቶ "እመቤቴ፣ እዚያ ላይ ያለው እኮ ዊልፍ ነው" ይላል፤ በቃ።

ባሪ አብሮት የሚሠራ ነው፤ ወፍራም፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ቅቤ የሆነ ሰው። ሌላዋ ጃኒስ ናት፤ የግድግዳ ወረቀት የምትለጥፈው እሷ ናት። ቀጭን፣ ንግግሯ አጭር፣ ስትናገርም የምትነክስ። ሦስቱ አብረው አርጅተዋል ማለት ይቻላል።

አሁን አርእስቱ ላይ ስላለው ቃል ልንገራችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም። አንድ ጊዜ በትልቁ ከተማ ያለ የሥዕል ቤት ግድግዳውን ነጭ እንዲያደርጉለት ዊልፍንና ባሪን ቀጠራቸው። ሥዕሎቹ ከተሰቀሉ በኋላ የተጫረውን ግድግዳ ሊጠግኑ ተመልሰው ሲገቡ አንድ ሰፊ ሥዕል ፊት ቆሙ። ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ ቡናማው ተረጭቶ፣ ተንጠባጥቦ፣ እርስ በርሱ እንደ ተበጠሰ ክር ተጠላልፎ ይታያል። ከጎኑ የሠዓሊው ስም ፖሎክ ተብሎ ተለጥፏል። አሜሪካዊ ነው፣ ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ቀለሙን ከላይ እያንጠባጠበ ነው የሚሥለው አሏቸው። ባሪ ራሱን አከከ። ዊልፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብዙ ቆይቶ አየው። በመጨረሻ፣ "የኔ ሠራተኛ ሸራዬን እንዲህ አድርጎ ቢመልስልኝ፣ እናቱ ቤት እሰደው ነበር" አለ።

በዚያው ሰሞን ባሪ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ደረጃ ላይ የቀለም ቆርቆሮ በእግሩ መታና ከላይ እስከ ታች አንቆረቆረው። ዊልፍ ከመሰላሉ ወርዶ ደረጃውን አየ፣ ባሪን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ "ፖለከው" አለ። የሠዓሊውን ስም ግሥ አደረገው ማለት ነው፤ በእነሱ አፍ ያለውን ወደኛ ሳመጣው እንዲህ ይሆናል። ጃኒስ ሳቋ አላስቆም ብሏት ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ያውም እርጥቡ ላይ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉን የያዘው አልነበረም። ከቀለም ሻጩ ሱቅ ወደ ቧንቧ ሠራተኞቹ፣ ከቧንቧ ሠራተኞቹ ወደ መጠጥ ቤቱ፣ ከመጠጥ ቤቱ ወደየጓዳው ገባ። እናት ልጇን "ሸሚዝህን በጃም ፖለክኸው" ብላ ትቆጣለች። ሰውየው መረቁን ጠረጴዛ ላይ ሲያፈስ ሚስቱ "ደግሞ ፖልክልኝ" ትለዋለች። ፖሎክ ሰው ይሁን ዓሣ ብዙው ሰው አያውቅም፣ ማወቅም አልፈለገም፤ ቃሉ ሥራውን ይሠራል። ቀለም ቀቢዎቹ ዘንድ ደግሞ ቅጣት አለው፤ በሳምንቱ የፖለከ ሰው ዓርብ በሻይ ሰዓት ለሁሉም ኬክ ያመጣል። ባሪ ከማመላለሱ የተነሣ ዳቦ ጋጋሪዋ ገና በር ላይ ስታየው "ዛሬስ የማንን ቤት ነው?" ትለው ነበር።

ዊልፍ አምጥቶ አያውቅም። የሌላውን ኬክ እየበላ፣ ፍርፋሪውን ከጢሙ እያራገፈ፣ በፖላኪዎች የሚቀልድ እሱ ነበር። ቃሉን የወለደው እሱ፣ ቃሉ ያልነካውም እሱ ብቻ።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጀመሪያ በክረምቱ ነው፣ ብርድ መስሎት ጓንት ገዛ። ብርዱ አለፈ፣ እጁ ግን አልተወውም። ብሩሹን ወደ ጠርዙ ሲያስጠጋ ጣቶቹ እንደ ተያዘ ወፍ ይርገበገባሉ። ግራ እጁን ከቀኝ አንጓው በታች ደግፎ መቀባት ለመደ። ጓዶቹ በሌሉበት ክፍል መሥራት ወደደ፤ "ወሬያችሁ ራሴን ያመኛል" እያለ ጓሮ ጓሮውን ይይዛል። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይመጣና የትናንቱን ጠብታ በምላጭ ይፍቃል፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ በአኳራጅ ያብሳል። ሻይ ሲቀርብለት ሰው ዞር እስኪል ይጠብቃል።

ያስፈራው ሥራው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አባቱ አርተር በእጁ ነው የጀመረው። ብሩሽ ጣለ፣ ከዚያ ማንኪያ ጣለ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ቀረ። ያ ሰው፣ የከተማውን የሰዓት ማማ ቁጥሮች በወርቅ ቀለም የጻፈ ሰው፣ መጨረሻ ላይ ዊልፍ በማንኪያ ያጎርሰው ነበር። ፓርኪንሰን ነው አሉት። ዊልፍ የዚያን በሽታ ስም በአፉ ጠርቶት አያውቅም፤ "የአባቴ ነገር" ነው የሚለው። እና አሁን የአባቴ ነገር መጣ ብሎ ልቡ ቆርጧል። ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ስሙን ይጠሩበታል፤ ስሙ ከተጠራ ደግሞ እውነት ይሆናል። ስለዚህ አልሄደም።

ሚስቱ ሞሪን አላየችም ብሎ ያስባል። ሞሪን ግን የማታይ ሴት አይደለችም። አተሩ ከሹካው እየተንከባለለ ሲወድቅ አይታ በሌላው ቀን አተሩን ፈጭታ አቀረበችለት። ስኒውን ትታ በትልቅ ኩባያ፣ ያውም እስከ ግማሹ ብቻ ሻይ መቅዳት ጀመረች። ወንድ ልጅ ሊደበቅ ሲፈልግ መጋረጃውን አትግለጭበት ብላ እናቷ መክራት ነበር።

እንዲህ እያለ በመከር ወራት የቤተ ጸሎቱ አዳራሽ ሥራ መጣ። ለምርት ምስጋናው እራት ይደርስ ዘንድ ተፈለገ። የቤተ ጸሎቱ ሴቶች ተሰብስበው አረንጓዴ መረጡ፤ ለምን አረንጓዴ እንደሆነ አይጠየቅም። የአዳራሹ ሹም ወይዘሮ ታክሬይ ናቸው። እድሜያቸውን የሚያውቅ የለም፤ ዊልፍን ልጅ ሳለ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፣ ዛሬም ሙሉ ስሙን ነው የሚጠሩት። የአዳራሹ ወለል በትንንሽ የእንጨት ጡቦች የተነጠፈ ነው፤ እሳቸው በሰም እየወለወሉ ፊት የሚታይበት አድርገውታል። ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ራሷን ጫማ አስወልቀዋታል ይባላል። ሥራው ሲጀመር ወለሉን በዓይናቸው ዳሰስ አድርገው፣ እህታቸው ታማለችና ሊያስታምሟት ሄዱ። ሲወጡ፣ ዊልፍሬድ ካለ አልሰጋም አሉ።

ሰኞና ማክሰኞ እንደምንም አለፈ። ረቡዕ ዊልፍ ከመድረኩ በላይ ያለውን ጠርዝ ሊስብ ወጣ። መሰላሉ ረጅም ነው፣ ቆርቆሮው በመንጠቆ ተንጠልጥሏል። ባሪ ታች ሆኖ ስለ እግር ኳስ እያወራ ነው። ዊልፍ ብሩሹን ነከረ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣ እጁን ዘረጋ። እጁ ዘለለ። የዘለለውን እጅ ሊይዝ በሌላው ሲሻማ ክርኑ መንጠቆውን መታው፤ ቆርቆሮው ከነሙሉ ቀለሙ ወርዶ ወለሉ ላይ ፈረጠ። አረንጓዴው እንደ ክንፍ ተዘረጋ፤ መድረኩን፣ ወንበሮቹን፣ የባሪን ሱሪ አዳረሰ። በስሩ ሸራ አልነበረም። በዊልፍ ስር ሸራ አይነጠፍማ።

ዊልፍ መሰላሉን ጨብጦ ቃሉን ጠበቀ። ባሪ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ዓይኑን ወደ መሰላሉ እግር ጣል አድርጎ መሰላሉ አርጅቷል፣ ድሮ መጣል ነበረበት፣ እኔ ሳልነግርህ ቀርቼ ነው አለ። ጃኒስ ጨርቅና አኳራጅ አምጥታ ተንበረከከች። ሁሉም ጠረጉ፣ ፈተጉ። ላዩ ለቀቀ፤ በጡቦቹ ስንጥቅ የገባው ግን እንደ ሣር በቅሎ ቀረ።

ማንም "ፖለከው" አላለም።

ዊልፍ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያንን ነው የሚያስበው። ባሪ፣ ሰው እግሩን ሲሰበር እንኳ የሚቀልደው ባሪ፣ አዘነለት። በአባቱም ጊዜ እንዲህ ነበር፤ ጓደኞቹ መቀለድ ያቆሙ ቀን ነው አርተር የሞተው፣ የቀረው አካሉ ነበር። ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሞሪን ጫማው ላይ አረንጓዴ ቀለም አየች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አይታ የማታውቀውን ነገር አየችና የያዘችውን ድንች አስቀምጣ አጠገቡ መጣች።

"እጅህን አምጣ" አለችው።

"ደህና ነው፣ ደክሞኝ ነው።"

"አምጣ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰው። ከገና ጀምሮ ነው የማየው። አባትህን አብሬህ አላስታመምኩም እንዴ? ምን እንደምትፈራ የማላውቅ መሰለህ?"

ዊልፍ እጁን ሰጣት። ይዛው ቆየች። ከዚያ፣ ነገ ወይ በእግርህ ትሄዳለህ ወይ በጆሮህ ይዤህ እሄዳለሁ አለችው።

በማግስቱ ወሰደችው። ሐኪሟ ዶክተር ኢቅባል የምትባል ወጣት ናት። ዊልፍ የአባቱን በሽታ ስም እንዳትጠራው እየፈራ ቁጭ ሲል እሷ ስለ አባቱ ጠየቀችው፣ ከዚያ ወረቀት አውጥታ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠቀለለ የሚሄድ መስመር እንዲሥልላት ጠየቀችው። ሣለ፤ መስመሩ እንደ ማዕበል ሆነ። ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ እንዲገለብጥ አደረገችው፤ ጠረጴዛዋን አራሰላት። በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አስኬደችው። በመጨረሻ እጆችህን ጭንህ ላይ አሳርፍና ዝም ብለህ ተቀመጥ አለችው። ተቀመጠ። እጆቹን አየቻቸው። እሱም አያቸው። አይንቀሳቀሱም።

"ያባትህ እጅ ተቀምጦ ሳለ ነበር የሚንቀጠቀጠው?" አለችው።

ዊልፍ አሰበ። አርተር በመስኮቱ ጎን ወንበሩ ላይ፣ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ፣ አውራ ጣቱ ክኒን እንደሚያሽ ሰው ያለ ዕረፍት ስትዞር ታየው። አዎ አለ።

"ያንተ ሥራ ሲይዝ ነው የሚነሣው፣ ሲያርፍ ይተኛል። ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ላይ አለ፣ በዘርም ይሄዳል። ለማረጋገጥ ወደ ነርቭ ሐኪም እልክሃለሁ፣ እኔን ከጠየቅኸኝ ግን ያባትህ በሽታ አይደለም።"

ይሄ እንደማይገድል፣ ክኒንም ሊያግዘው እንደሚችል፣ የሚያባብሰው ግን ፍርሃትና መደበቅ እንደሆነ ነገረችው። ከናቱ ወገን ሻይ ስታቀርብ ስኒ የሚንቀጫቀጭባት ሰው ነበረች ወይ ብላም ጠየቀችው። አክስቱ ኔሊ ትዝ አለችው። ሻይዋን ሁልጊዜ ማስቀመጫው ላይ ስታፈስ ቤተሰቡ ትጠጣለች እያለ ያማት ነበር። ምስኪን፣ በሕይወቷ ጠብታ አልቀመሰችም።

ሲወጡ ባሕሩ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያለቀሰ እንደሆነ ሞሪን ናት የምታውቀው፣ እሷም አልነገረችኝም። የተጠበሰ ዓሣና ድንች በወረቀት ገዝተው በጣታቸው በሉ። የባሕር ወፎቹ ዙሪያቸውን ከበቡ። ከክረምቱ ወዲህ ዊልፍ በልቶ የጠገበው ያን ቀን ነው።

ነገር ግን ከአንዱ ጭንቅ ቢወጣ ሌላው አዳራሹ ውስጥ እየጠበቀው ነው። ዓርብ ጠዋት ሲገባ ከመሰላሉ ስር ሸራ ተነጥፏል። ከመሰላሉ ስር ብቻም አይደለም፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከመድረክ እስከ በር፣ አዳራሹ በሸራ ተገንዟል። ማን እንዳነጠፈው አልተነገረም። ባሪ "ደህና አደርክ፣ ዊልፍ" አለው። ሌላ ጊዜ "ገና አልሞትክም፣ ሽማግሌው?" ነበር የሚለው። ቆርቆሮውን ተሸከመለት፣ ወንበር አቀረበለት፣ "እባክህ" የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። ጃኒስ ስኳሩን ራሷ አማሰለችለት። ዊልፍ እንዲህ ከሚከበር ቢሰደብ መረጠ። ሐኪሟ ያለችውን ሊነግራቸው አሰበ፣ ግን እንዴት ብሎ? ማንም ስለ እጁ አልጠየቀውም። ያልተጠየቁትን በሽታ ከየት ጀምረው ይናገሩታል?

ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና ወይዘሮ ታክሬይ ገቡ። እህታቸው ተሽሏት ቶሎ ተመልሰዋል። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲያቸው በሸራው ላይ እየተራመዱ እስከ መድረኩ መጡ። ይሄ ሁሉ ሸራ ምንድነው አሉ። ጎንበስ ብለው የሸራውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ገለጥ አደረጉ፤ ልክ የአራስ ልጅ ፊት እንደሚገልጡ። አረንጓዴው በየስንጥቁ ቁልጭ ብሎ አለ።

ቀና አሉ። አንድ በአንድ አዩአቸው።

"ይሄን ወለሌን የፖለከው ማነው?" አሉ።

ቃሉ በዚያ አዳራሽ እንደ ወደቀ ሰሃን ጮኸ። ባሪ ፊቱ ቀላ። ዓይኑን ወደ ዊልፍ እንዳይልክ ጣሪያውን እያየ፣ "እኔ ነኝ፣ እመቤቴ" አለ። ጃኒስ ወዲያው "አይደለም፣ እኔ ነኝ" አለች። ሁለቱም ተያዩ፤ አስቀድመው አልተመካከሩም ነበርና።

ወይዘሮ ታክሬይ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። "አንድ ወለል ስንት ሰው ነው የሚፖልከው?"

ዊልፍ ከወንበሩ ተነሣ።

"ይዋሻሉ፣ ወይዘሮ ታክሬይ። እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ሙሉ ነው የፖለክሁት።"

"አንተ? ዊልፍሬድ ሆልሮይድ?"

"እኔው።"

ዊልፍ አሁን ደግሞ እሳቸውም ያዝኑልኛል ብሎ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ቦርሳቸውን ከፍተው ሁለት የሹራብ መሥሪያ መርፌ አወጡና አንዱን ሰጡት። "በል ተንበርከክ። እኔ በዚህ ጫፍ እጀምራለሁ፣ አንተ በዚያ። ቀለሙ ሳይጠጥር ከስንጥቁ ይወጣል። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ኬኩን ደግሞ የምታመጣው አንተ ነህ፤ ደንቡን የማላውቅ እንዳይመስልህ። ለኔ ዘቢብ ያለበት።"

ባሪ ከዚህ በላይ መቻል አቃተው። "እንዴ፣ ወይዘሮ ታክሬይ፣ ይሄን ቃል ደግሞ ከየት አመጡት?" አላቸው።

"ከየት አመጣዋለሁ? የሀገሬ ቃል ነው። የድሮ ቃል ነው" አሉ እየተንበረከኩ። "አያቴ ወተት ስንደፋ ትለን ነበር። ያሁን ዘመን ሰው ቋንቋውን ረስቶት ነው እንጂ።"

ጃኒስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይርገፈገፋል። ባሪ ጨርቅ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ። ዊልፍ ግን አልቻለም፣ ሳቀ። መርፌውን ይዞ በጉልበቱ እንዳለ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ሆዱን እስኪያመው ሳቀ። እጁም ትከሻውም ጉልበቱም ሁሉ ነገሩ ይንቀጠቀጣል፤ የቱ ሳቅ፣ የቱ ሕመም እንደሆነ የሚለይ አልነበረም። ወይዘሮ ታክሬይ ምን እንደሚያስቃቸው አልገባቸውም። ማንም እንዲገባቸው አላደረገም፤ ቃሉ ከሳቸው አያት ዘንድ ቢቀር ማንን ይጎዳል?

ሳቁ ሲበርድ ዊልፍ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ተናገረው። እጄ ይንቀጠቀጣል አለ። ያባቴ ነገር መስሎኝ ነበር፣ አይደለም ተባልኩ፣ ቢሆንም እንደ በፊቱ አይሆንም አለ። ይሄን ሲል ዓይኑን ከስንጥቁ አላነሣም።

"ከፋሲካ ጀምሮ እናውቃለን፣ ሽማግሌው" አለ ባሪ። ሽማግሌው ሲለው ዊልፍ ቀና አለ። "ምሳ ስትወጣ የቀባሃቸውን መስኮቶች የሚያስተካክልልህ መልአክ መሰለህ? ጃኒስ እኮ ናት።"

"እናንተ ሳትመጡ እኔ ጠብታ እፍቃለሁ፣ እኔ ስወጣ እናንተ መስኮት ታስተካክላላችሁ" አለ ዊልፍ። "ታዲያ ካወቃችሁ ረቡዕ ዕለት ሸራ አታነጥፉልኝም ነበር?"

"ባንተ ስር?" አለች ጃኒስ። "ብናነጥፍ ማወቃችንን ታውቃለህ።"

ወይዘሮ ታክሬይ ከማውራት መልቀም ይሻላል አሉና አራቱም ተንበርክከው አረንጓዴውን ከየስንጥቁ ለቀሙ። እየለቀሙ ሥራውን ተከፋፈሉ። ጠርዙን ከእንግዲህ ጃኒስ ትስበዋለች፤ እጇ የረጋ ነው፣ ዊልፍም አጠገቧ ቆሞ አተነፋፈሱን ያሳያታል። እሱ በረጅም ዘንግ ላይ የተሰካውን እየተንከባለለ የሚቀባውን ሩሎ ይዞ ጣሪያና ሰፊ ግድግዳ ይቀባል፤ ሩሎ የእጅ መንቀጥቀጥ አይቆጥርም። ባሪ እኔስ ምን ልሁን አለ። ሁሉም ባንድ ድምፅ አንተ መፖለክህን ቀጥል አሉት።

ከሰዓት በኋላ ዊልፍ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ ሄዶ ኬክ ገዛ፣ ዘቢብ ያለበትንም አልረሳም። ሴትዮዋ መደርደሪያውን ተደግፋ የማንን ቤት ነው አለችው፣ የእግዜርን አላት። ሥራው በቀጣዩ ሳምንት አለቀ፣ ለእራቱም ደረሰ። ሁለት ሦስት ስንጥቅ ውስጥ ዛሬም አረንጓዴ አለ፤ ወይዘሮ ታክሬይ ወንበር አቁመውበታል።

ያን ዓርብ ማታ ዊልፍ እንደ ሕፃን ተኛ። በማግስቱ ጠዋት ገና ቁርስ ሳይቀርብ ስልኩን አንሥቶ ሊድስ ከተማ ያለችው ልጁ ጂሊያን ዘንድ ደወለ። በዚያ ሰዓት ደውሎላት ስለማያውቅ ልጅቱ ደንግጣ ማን ሞተ አለች። ማንም አልሞተም አላት። ከዚያ ስለ እጁ፣ ስለ አያቷ፣ ሐኪሟ ስላለችው፣ በዘር ይሄዳልና አንቺም አንድ ቀን ስኒ ቢንቀጫቀጭብሽ እንዳትፈሪ፣ እንዳትደብቂ ብሎ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ስልኩ ጆሮው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሌላ እጁ አልደገፈውም። ሞሪን እንቁላሉ በረደ ብላ ሁለቴ ጠራችው፣ እሱ ግን ገና ለጂሊያን ስለ ወይዘሮ ታክሬይ አያት እያወራላት ነበር።